ግድግዳ ተደግፎ 900 እርምጃ የሄደው ልጅ

የዛሬው ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 42 ልጆች አሉኝ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ዘንድሮ ትምህርት ቤታችን እርምጃና የልብ ምት የሚቆጥሩ 24 የእጅ ሰዓቶችና ሁለት ታብሌቶች ገዛ። ደስ ብሎኝ ነበር። ርዕሰ መምህራችን ግን ‹ከእንግዲህ ማርክ በዓይን ግምት አይሰጥም፤ ማሽኑ ይናገር› አሉና 20 ማርክ ለእርምጃ፣ 20 ማርክ ለልብ ምት መደቡ። አንድ ወር ሞከርኩት። አንዱን ልጅ ግድግዳ ተደግፎ እጁን ሲያወዛውዝ ያዝኩት፤ ሰዓቱ 900 እርምጃ ጽፎለታል። የክፍሉ አንደኛ ሯጭ የሆነችው ልጅ በልብ ምት ከመጨረሻዎቹ ተርታ ወደቀች። አንዷ ደግሞ ሰዓቱን አላስርም ብላ አለቀሰች፤ ምክንያቷን አልነገረችኝም። የቀረው ጊዜ ሰዓት በማደልና በመሰብሰብ ያልቃል። ልጆቹ በበኩላቸው ‹የዳንስ ጌም ይከፈትልን› ይሉኛል። ሁሉንም ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ወደ ፊሽካዬ ልመለስ? ወይስ ዘመኑ ያመለጠኝ እኔን ነው?

ፊሽካዬ የናፈቀኝ»

ውድ መምህር፣

ግድግዳ የተደገፈውን ልጅ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔም ለዓመታት ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሜዳ ላይ የቆምኩ ሰው ነኝና እንዲህ ያለውን ልጅ አውቀዋለሁ። በየክፍሉ አንድ አይጠፋም። ግን አይቆጡት። ነገሩ ከሁላችሁም ቀድሞ የገባው ለእሱ ነው። ማርኩ የሚሰጠው ለሩጫ ሳይሆን ለእጅ መወዛወዝ መሆኑን ደርሶበታል።

ሰዓቱ እግር አያይም። ውስጡ እንቅስቃሴ የምትለካ ትንሽ ነገር አለች፤ አክስለሮሜትር ይሏታል። እጅ በተወሰነ ምት ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ «ይሄ እርምጃ ነው» ብላ ትቆጥራለች። ስለዚህ ቆሞ ያወዛወዘ ይቆጠርለታል። ብረት ላይ የተንጠለጠለ፣ ፑሽ አፕ የሠራ፣ ኳስ በሁለት እጁ አቅፎ የሮጠ ልጅ ግን የለፋውን ያህል አይጻፍለትም። በእርምጃ 20 ማርክ መመደብ ማለት ጂምናስቲክ በሚማሩበት ሳምንት ክፍሉን በሙሉ መጣል ማለት ነው።

ምናልባት ርዕሰ መምህሩ በቀን 10,000 እርምጃ የሚለውን ሰምተው ይሆናል። ይህ ቁጥር የመጣው ከጤና ምርምር አይደለም። ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ጃፓን ውስጥ አንድ የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ ቀረበ። ስሙ ማንፖ ኬይ ነበር፤ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» እንደማለት ነው። ለመያዝ የሚቀል፣ ክብ ቁጥር ነው። በኋላ ዓለም በሙሉ እንደ ሐኪም ትእዛዝ ተቀበለው። መራመድ ጥሩ አይደለም እያልኩ አይደለም። ቁጥሩ የዕቃ ስም እንደነበር ይወቁት ብዬ ነው።

አሁን ወደ ሯጯ ልጅ እንምጣ። እኔን ያናደደኝ የእሷ ነገር ነው። ልምምድ ያደረገ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ይገፋል። ስለዚህ ለተመሳሳይ ሩጫ ጥቂት ምት ይበቃዋል። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን በእኩል ፍጥነት ሲሮጡ ያልተለማመደው ልጅ ልብ 185 ሊመታ፣ የእሷ 155 ላይ ሊረጋ ይችላል። ከፍ ያለ ምት ማርክ የሚያስገኝ ከሆነ ልጅቷን የጣላት ጉብዝናዋ ነው። እንዲህ ዓይነት ፈተና የትም አገር ቢሆን ፈተና አይባልም።

ያውም ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ነው። የእጅ ሰዓት የልብ ምትን የሚያነበው በአረንጓዴ ብርሃን ነው። ደም አረንጓዴ ብርሃን ይመጥጣል። ልብ በመታ ቁጥር አንጓ ላይ የሚያልፈው ደም ስለሚለያይ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃንም ይለያያል፤ ሰዓቱ ያንን ይቆጥራል። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው ደህና ይሠራል። ማሰሪያው ሲላላ፣ እጅ ሲወራጭ፣ ልጁ ብረት ጨምድዶ ሲይዝ ግን ይዘባርቃል። የሰባተኛ ክፍል ልጅ አንጓ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ለአዋቂ የተሠራ ማሰሪያ ይዋልልበታል። ደረት ላይ የሚታሰረው ዓይነት የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ስለሚያነብ በሩጫ ጊዜ የተሻለ ይታመናል። ግን 42 ልጅ ደረቱ ላይ ቀበቶ እንዲያስር ማድረግ ሌላ ጣጣ ነው። አልመክርዎትም።

ቀዩና አረንጓዴው «ዞን» የሚባለውም አለ፤ ሰዓቱ የልጁን ምት ልቡ ሊደርስበት ከሚችለው ከፍተኛ ምት ጋር እያነጻጸረ በቀለም የሚከፍልበት ነው። ከፍተኛው ምት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው 220 ሲቀነስ ዕድሜ በሚለው ቀመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፎክስና ሃስኬል የተባሉ ተመራማሪዎች ቀድሞ ከተሠሩ ጥናቶች ላይ በግርድፉ ያወጡት ነው። ለአዋቂ እንኳ ከሰው ሰው 10 ምትና ከዚያ በላይ ይሳሳታል። በልጆች ላይ ደግሞ የልብ ከፍተኛ ምት በዕድሜ ብዙም ስለማይቀንስ ቀመሩ ይበልጥ ይደናበራል። ስለዚህ «ቀይ ውስጥ አልገባህም» ተብሎ ማርክ የተቀነሰበት ልጅ ቅሬታ ቢያቀርብ መልስ የለዎትም።

እንግዲህ ቁም ሳጥኑን ይቆልፉ ልል የመሰለዎት ይሆናል። አይደለም። ፊሽካዎ አንገትዎ ላይ ትቆይ፤ ዕቃውም ከቁም ሳጥን ይውጣ። ማርኩን ብቻ ከሰዓቱ ላይ ያውርዱት። እኔ አንድ መለኪያ አለኝ። ልጁ ራሱ ሊያየው ወይም ሊሰማው የማይችለውን ነገር ይህ ዕቃ ያሳየዋል ወይ? ካሳየው ይውጣ። ካላሳየው ቻርጅ ላይ ይቆይ።

በዚህ መለኪያ ካየነው ከገዙላችሁ ሁሉ ወርቁ ታብሌቱ ነው። ይገርማል፣ ደብዳቤዎ ላይ ስሙን ጠርተው ዝም አሉት።

አንድ ተማሪ ነበረኝ። ወደፊት ሲንከባለል ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ ይገባል። «አገጭህን ደረትህ ላይ!» እያልኩ ሦስት ሳምንት ጮህኩበት። እሱ ደግሞ «አድርጌያለሁ እኮ!» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ያደረገ ይመስለዋል። አንድ ቀን ቀረጽኩትና አሳየሁት። ዝም አለ። ከዚያ «ይሄ እኔ ነኝ?» አለኝ። በሚቀጥለው ሙከራ አገጩ ደረቱ ላይ ነበር። እኔ አንድ ቃል አልጨመርኩም። የሦስት ሳምንት ጩኸቴ ግን እስካሁን ያሳፍረኛል።

ዘግይተው የሚያሳዩ አፖች አሉ። ታብሌቱን ያቆሙታል፤ ካሜራው ያየውን 20 ሰከንድ ቆይቶ ያሳያል። ልጁ ይዘላል፣ ተነስቶ አቧራውን አራግፎ ይመጣል፣ ራሱን ሲዘል ያያል። ማንም ቁልፍ አይነካም። ታብሌቱን ከጎን፣ በወገብ ከፍታ፣ ልጁ ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ያቁሙት። ከፊት ለፊት ከቀረጹ መንደርደሩም መነሳቱም አይለይም።

ለፈጣን ነገር ስሎው ሞሽን ይጠቀሙ። በርዝመት ዝላይ የመነሻው እግር መሬት የሚነካው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ እምብዛም ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ተራ ቪዲዮ በሰከንድ 30 ምስል ይይዛል፤ ስለዚህ ያቺ ቅጽበት ሦስት አራት ምስል ብቻ ትደርሳታለች። በሰከንድ 240 ምስል የሚይዝ ካሜራ ከሆነ ወደ 30 ምስል ያገኛሉ። ተረከዙ ነው ቀድሞ የነካው? ዓይኑ ወደ መርገጫው ነው ወይስ ወደፊት? ጉልበቱ ተነስቷል? ይህን የእርስዎ ዓይን፣ የቱንም ያህል ልምድ ቢኖርዎት፣ ሜዳ ዳር ቆሞ አይዘውም። አሎሎ ሲወረውሩ ክርን ወደ ታች መውደቁም እንዲሁ ነው። ልጁ ገፋሁ ይላል፣ ቪዲዮው ግን እንደ ድንጋይ መወርወሩን ያሳያል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። በአንድ ቀን አንድ ነገር ይፈልጉ። «ዛሬ የምናየው ጉልበት ነው» ይበሉ። ልጆች አምስት ስህተት በአንዴ ከታያቸው አንዱንም አያርሙም። እርስ በርስ መሳቅም ይጀምራሉ።

ጊዜውስ? ስለ ማደልና መሰብሰብ ያሉት በደንብ ይገባኛል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ፣ ከ40 ደቂቃ 25ቱን ብሉቱዝ ሳገናኝ አሳልፌያለሁ። ልጆቹ ሣር ላይ ተቀምጠው አዩኝ። አንዷ እንደውም የቤት ሥራዋን ጨረሰች። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ቢያንስ ግማሹ በደንብ በሚያንቀሳቅስ ሥራ እንዲያልፍ ይመክራል። ከ40 ደቂቃ 20ው ማለት ነው። እኔ የዚያን ቀን ግማሹን ቀርቶ ሩቡንም አላገኘሁም።

ስለዚህ 42ቱን አንድ ላይ መሣሪያ አያስይዙ። ለአራት ይክፈሏቸው። አምስት ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ ከዚያ አራት ጣቢያ በስምንት ስምንት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ ማቀዝቀዣ። ታብሌቱ ያለው አንዱ ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። ሁለት ስለሆኑ ለአንዱ አምስት ስድስት ልጅ ይደርሰዋል። የቀሩት ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ኳስ ይቀባበላሉ። ታብሌት ጣቢያው ላይ ረጅም ሰልፍ ካዩ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ያቋርጡት። ባትሪ ከሞተም አይደንግጡ፣ ወደ ሚቀጥለው ይለፉ።

ሰዓቶቹንስ ምን እናድርጋቸው? 24ቱንም አያውጡ። ስድስት ይበቃል። ሥራቸውም ማስተማር እንጂ መፍረድ አይሁን።

እኔ እንዲህ ነበር የማደርገው። ልጆቹ በሁለት ጣት አንጓቸው ላይ የደም ሥራቸውን ያገኛሉ። አውራ ጣት አይሆንም፤ የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታል። ለ15 ሰከንድ ቆጥረው በአራት ያባዛሉ። ከዚያ ሦስት ደቂቃ ይሮጣሉ። ሲቆሙ መጀመሪያ ይገምታሉ፣ ቀጥሎ በጣት ይቆጥራሉ፣ መጨረሻ ላይ ሰዓት ያሰረው ልጅ ያነብላቸዋል። «መቶ ስልሳ አልኩ፣ መቶ ስልሳ ስምንት ነው!» ብለው ሲንጫጩ ይሰማሉ። ያ ጫጫታ ነው ትምህርቱ።

ለድካም ደግሞ የጉናር ቦርግን መለኪያ ያስተምሯቸው። ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። ከ6 እስከ 20 ያለ ቁጥር ነው፤ 6 ምንም አለመድከም፣ 20 ከዚህ በላይ አልችልም። ለምን ከ6 እንደሚጀምር ልጆች ይጠይቃሉ። በአሥር ሲባዛ ከልብ ምት ጋር በግርድፉ እንዲቀራረብ ነው፤ 6 ማለት 60፣ 20 ማለት 200። የተሠራው አዋቂን አስቦ ስለሆነ ለልጅ እንደ ሚዛን አይያዝ። ግን ልጁ «አሁን 13 ላይ ነኝ» ማለት ከለመደ ያለ ምንም ዕቃ ፍጥነቱን መምራት ይችላል። ከሁለት ወር በኋላ ሰዓቱን ሳያይ የሚገምት ልጅ ካገኙ ዕቃው ሥራውን ሠራ።

የማገገሚያ ምትም ጥሩ ነው። ሩጫው እንዳበቃ አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሌላ ጊዜ ይቆጠራል። ልጁ ልዩነቱን ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ከወር በኋላ ከራሱ ጋር ያወዳድራል። ከጎረቤቱ ጋር አይደለም።

ይህን ሁሉ የምለው በሌላ ምክንያትም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ከባድ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። የእርስዎ ክፍለ ጊዜ ያንን ብቻውን አይሞላም። በሳምንት አንዴም ሁለቴም ቢሆን አይሞላም። ልጁ የቀረውን ከትምህርት ቤት ውጪ፣ ያለ እርስዎና ያለ ሰዓቱ ነው የሚያገኘው። ይዞት የሚሄደው ነገር ከሌለ የሰበሰባችሁት ቁጥር ፋይል ውስጥ ይቀራል።

ስላለቀሰችው ልጅ ላስቆምዎት። ምክንያቷን አያስጨንቋት፣ በተለይ በክፍሉ ፊት። ብዙ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሰዓት ሲከፈት ክብደትና ቁመት ያስገቡ ይላል። ያንን ጮክ ብሎ የጠየቀ ጓደኛ ወይም መምህር ካለ ይበቃል። ቆዳዋ ይቆጣ ይሆናል። የልብ ሕመም ኖሮባት ቁጥሩን ትፈራ ይሆናል። ወይም ላብ ያለበት የሌላ ሰው ማሰሪያ አስጠልቷት ነው፤ እውነት ለመናገር እኔንም ያስጠላኛል፣ በእያንዳንዱ ፈረቃ መካከል በአልኮል ይጥረጉት። ሰዓት ማሰር ለሁሉም በፈቃድ ይሁን። በጣቷ ትቁጠር፤ ትምህርቱ አንድ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «እንግዲያው አንቺ ቅረጪ» ብለው ካሜራ ይዛ ዳር እንድትቆም አያድርጓት። አንድ ቀን ችግር የለውም። በየሳምንቱ ከሆነ ግን ልጅቷን ከስፖርት አወጧት ማለት ነው።

የቪዲዮና የቁጥር ምስጢርም አለ። በግል ስልክዎ ተማሪ አይቅረጹ። በጭራሽ። ለእርስዎም ለልጁም ጥበቃ ነው። የትምህርት ቤቱ ታብሌት ይሁን፣ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር፣ ልብስ መቀየሪያ አካባቢ ካሜራ ያለው ምንም ነገር አይግባ። ዘግይተው የሚያሳዩት አፖች ቪዲዮውን እንዳያስቀምጡ ማድረግ ይቻላል፤ እንደዚያ ያስተካክሉት። ሰዓቶቹን በልጆቹ ስም አያስመዝግቡ። «ሰዓት 1»፣ «ሰዓት 2» ይበቃል። የልጅ የልብ ምት የጤና መረጃ ነው፤ ወደ ማን ኮምፒውተር እንደሚሄድ ርዕሰ መምህሩን ይጠይቁ። የአካባቢ ማሳያውንም ያጥፉት። ስትራቫ የተባለው የስፖርት አፕ የተጠቃሚዎቹን የሩጫ መንገድ በዓለም ካርታ ላይ አብርቶ ሲያወጣ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሰዎች በረሃ መካከል የወታደር ሰፈሮችን ቅርጽ አነበቡበት። ወታደሮቹ ስፖርት እየሠሩ ብቻ ነበር።

ዳንስ ጌም? ይክፈቱላቸው። አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካዋ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የዳንስ ጌምን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ለማስገባት ወስናለች። ዝናብ ሲዘንብና ሜዳ ሲጠፋ በጣም ይጠቅማል። የዓመቱ ፕሮግራም ግን አይሁን።

ከሁሉ ርካሹን ቴክኖሎጂ ደግሞ ረስተውታል፤ ስፒከር። ካናዳዊው ሉክ ሌዤ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው የ20 ሜትር ምልልስ ሩጫ ከድምፅ በቀር ምንም አይፈልግም። አሁን በተለመደው አሠራር በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ይጀምራል፣ በየደቂቃው 0.5 ይጨምራል። 20 ሜትር በተራራቁ ሁለት መስመሮች መካከል እየተመላለሱ፣ ድምፁ ሳይቀድምህ መስመሩ ላይ መድረስ ነው፤ ድምፁ የቀደመው ይወጣል። ችግሩ አንድ ነው። ቀድሞ የሚወጣው ልጅ ሁሉም እያየው ይወጣል። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ ያድርጓቸው፤ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ይቆጥርለት። የወጣ ልጅ አይቀመጥ፣ ሜዳውን እየዞረ ይራመድ። የስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ አይለጥፉ።

አንድ ሕክምና ነክ ነገር ልጨምር። ሰዓቱ የማይመስል ቁጥር ካሳየ መጀመሪያ ማሰሪያውን አጥብቀው በጣት ይቁጠሩ። ልጁ ራሴን አዞረኝ ወይም ደረቴን አመመኝ ካለ ግን ቁጥሩን ይተዉት። ያሳርፉትና ወደ ሐኪም ይውሰዱት፤ ሰዓቱ «አረንጓዴ» ቢልም።

የቀረን ርዕሰ መምህሩ ናቸው። ሰውዬው ክፉ አይደሉም። «በዓይን ግምት» ያሉት ነገር እኮ እውነት አለው። እኛ የስፖርት መምህራን ስንት ጊዜ በስሜት ማርክ ሰጥተናል? ስለዚህ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። 40 ማርኩን የሚተካ ነገር ይዘው ይግቡ። ሁለት ቪዲዮ፣ የወሩ መጀመሪያና መጨረሻ፣ አስቀድሞ በተነገሩ ሦስት ነጥቦች ተለክቶ 20 ማርክ። ልጁ ራሱ አውጥቶ የተከተለው የአራት ሳምንት የልምምድ ዕቅድ፣ የገመተውና የቆጠረው ምት ተጽፎበት፣ 20 ማርክ። ይህ ግምት አይደለም፤ ወረቀት አለው። ቪዲዮዎቹም ማርኩ እንደተሞላ ይጥፉ።

ካልተስማሙ አንድ ሰዓት ቻርጅ አድርገው ይዘው ይግቡ። ያስሩላቸው። ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሁለት ደቂቃ እጃቸውን እንዲያወዛውዙ ይለምኗቸው። ከዚያ ቁጥሩን ያንብቡላቸውና ከ20 ስንት እንደሚሰጧቸው ይጠይቋቸው።